አዲስ ምሩቅ ሲቪውን እንዴት ያሻሽላል?

በምረቃ ሰሞን በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረፋ ይበዛባቸዋል። ተመራቂው «ሲቪ ይሠራልኝ» ይላል፤ ጸሐፊውም ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ሰው ሲቪ ከፍቶ ስሙን፣ ስልኩንና የትምህርት ክፍሉን ቀይሮ ያትምለታል። ገላን በሚገኝ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ለዓመታት ማመልከቻ ስለለየሁ የዚህን ውጤት አውቀዋለሁ፤ ከአንድ ሰፈር የመጡ ወጣቶች ሁሉ «ታታሪ፣ ተግባቢና በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» ሆነው ይቀርባሉ፣ መራጩም አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር ያጣል። ሲቪዎን የሚለየው የፊደሉ ቅርጽ ወይም የገጹ ቀለም አይደለም፤ በእጅዎ የሠሩትን ሥራ በግልጽ መናገሩ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት አንድ ወረቀት ይያዙና በዩኒቨርሲቲ ቆይታዎ የሠሩትን ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይሉ፣ በአማርኛ ይዘርዝሩ። ኢንተርንሺፕ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የላቦራቶሪ ሥራ፣ የተማሪዎች ክበብ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ተማሪ ማስጠናት፣ የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ መሥራት፣ ሁሉም ይግባ። ሲቪው በመጨረሻ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ በአማርኛ ማሰቡ ይጠቅማል፤ ምን ማለት እንደፈለጉ ሳያውቁ ከሰው ሲቪ ላይ ዓረፍተ ነገር ከመቅዳት ያድናልና።

ዋናው ሥራ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ጊዜዎን የሚያጠፉበትም እዚህ ላይ ይሁን። ባለፈው ዓመት በአካውንቲንግ የተመረቀች የጎረቤት ልጅ ሲቪዋን እንዳይላት ሰጠችኝ። በሥራ ልምድ ሥር የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በኢንተርንሺፕ ወቅት በሒሳብ ክፍል የተለያዩ ሥራዎችን ሠርቻለሁ»። «ሰኞ ጠዋት ስትገቢ መጀመሪያ የምትሠሪው ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። የክፍያ ቫውቸሮችን በቀን ቅደም ተከተል ትሰድር፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ትመዘግብ፣ በወር መጨረሻም የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከባንክ መግለጫ ጋር ታመሳክር ነበር፤ በዚያ መሐል ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ቫውቸር አግኝታ ለኃላፊዋ አሳይታለች። ይህን ሁሉ «ጥቃቅን ነገር ነው» ብላ ትታዋለች። እኛም መስመሩን እንዲህ ቀየርነው፦ «ለሁለት ወራት የክፍያ ቫውቸሮችን አደራጅቼ በፒችትሪ መዝግቤአለሁ፤ በወርኃዊ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ሥራ ረድቻለሁ፤ በድጋሚ የተመዘገበ ክፍያ ለይቼ እንዲታረም አድርጌአለሁ»። ደግሞ ስናወራ በየክረምቱ የእናቷን ሱቅ የዱቤ ደብተር የምትይዘው እርሷ እንደሆነች ነገረችኝ። የዱቤ ደብተር መያዝ ማለት ተሰብሳቢ ሒሳብን መከታተል ነው፤ ለአካውንቲንግ ምሩቅ ቅርብ የሆነ ልምድ ነውና እርሱም ገባ።

እርስዎም በዝርዝርዎ ላይ ላለው እያንዳንዱ ነገር ምን ሠራሁ፣ በምን መሣሪያ ሠራሁ፣ ምን ያህል ወይም ለምን ያህል ጊዜ ሠራሁ፣ ምንስ ተገኘበት ብለው ይጠይቁ። መልሱን አንድ ወይም ሁለት መስመር ያድርጉት። ቁጥር ካለ ይጻፉ፤ ነገር ግን ለቃለ መጠይቅ ተቀምጠው «ይህን እንዴት ቆጠርከው?» ቢባሉ ሊያስረዱት የማይችሉትን ቁጥር በፍጹም አያስገቡ። አንድ የተጋነነ መስመር የቀረውን እውነተኛ ገጽ ሁሉ ያስጠረጥራል።

ከዚያ ማስታወቂያውን ያንብቡ። በሪፖርተር ጋዜጣም ይሁን በኢትዮጆብስ ወይም በቴሌግራም ያገኙትን ማስታወቂያ ቁጭ ብለው ሲያነቡ፣ ተደጋግመው የሚመጡትን ሥራዎችና መሣሪያዎች በእስክሪብቶ ያስምሩባቸው፤ ከዝርዝርዎ ውስጥ ከእነዚህ ጋር የሚገናኘውን ወደ ላይ ያምጡ፣ የማይገናኘውን ዝቅ ያድርጉ ወይም ያውጡ። «የኮምፒውተር ችሎታ፦ በጣም ጥሩ» የሚለው መስመር ለማንም ምንም አይነግርም፤ በኤክሴል ምን መሥራት እንደሚችሉ ይጻፉ። ለአዲስ ምሩቅ አንድ ገጽ ይበቃል።

በሲቪው ላይ ስለ ትምህርት በሚጻፍበት ቦታ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የትምህርት ዘርፉንና የተመረቁበትን ጊዜ ያስፍሩ። ማስታወቂያው ዝቅተኛ አማካይ ውጤት ከወሰነ ውጤትዎን መጻፍ ግድ ነው፤ ካልወሰነና ውጤትዎ የሚያኮራ ከሆነም ይጻፉት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠውንና ማለፊያው 50 ከመቶ የሆነውን የመውጫ ፈተና ማለፍዎንም ይግለጹ፤ ከፍ ያለ ነጥብ ካለዎት ነጥቡን ያክሉበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። ዲግሪው ላይ በአንዱ፣ የኢንተርንሺፕ ደብዳቤው ላይ በሌላው አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሳይለወጥ ሲገለበጥ፣ ተመራቂው ገና ሳይማር የተመረቀ ይመስላል። አንዱን አቆጣጠር መርጠው በሙሉ ገጹ ይጠቀሙበት። ወደ አውሮፓውያኑ ሲቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት 8 ዓመት ይደመራል፤ ስለዚህ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. በ2023 ላይ ሲውል ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ግን በ2024 ላይ ይውላል። ስምዎም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በዲግሪው፣ በፋይዳ መታወቂያውና በሲቪው ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

አድራሻ በከተማው ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ከሚመስለው በላይ ክብደት አለው። ቂሊንጦ፣ ገላን ወይም ዱከም ላለ ፋብሪካ ሲያመለክቱ ቱሉ ዲምቱ መኖርዎን በግልጽ ይጻፉ፤ በፈረቃ የሚያሠራ ድርጅት ሠራተኛው በሰዓቱ መድረስ አለመድረሱን ያስባልና። መሐል ከተማ ላለ መሥሪያ ቤት ግን «አዲስ አበባ» ይበቃል። አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ከሆነም አይተዉት፤ በዚህ አካባቢ ሠራተኞችንና ደንበኞችን በቋንቋቸው ማነጋገር የሚችል ሰው ይፈለጋል። መናገር፣ ማንበብና መጻፍን ለየብቻ በእውነተኛ ደረጃቸው ያስቀምጡ። ሃይማኖትን፣ ብሔርንና የጋብቻ ሁኔታን መጻፍ አያስፈልግም፤ ፎቶም ካልተጠየቀ ይቅር።

ለዋቢነት የሚያስመዘግቧቸውን ሰዎች፣ በተለይ የኢንተርንሺፕ ኃላፊዎን ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎን፣ አስቀድመው ደውለው ያስፈቅዱ። ሳይነገረው ስልክ የተደወለለት ሰው «ማን ነበረች እርሷ?» ሲል ሰምቻለሁ፤ ለአመልካቿ ያሳዝናል።

ሲጨርሱ አትመው ጮክ ብለው ያንብቡት፣ ለሌላ ሰውም ያስነብቡት። ፋይሉን በፒዲኤፍ አድርገው በሙሉ ስምዎና በሥራ መደቡ ይሰይሙት፤ የኢሜይል አድራሻዎ የልጅነት ቅጽል ስም ከሆነ አዲስ ይክፈቱ። ዋናውን ቅጂ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ትተው አይሂዱ፤ ወደራስዎ ኢሜይል ልከው ከዚያ ያጥፉት፣ ስልክዎና አድራሻዎ ያለበት ወረቀት ነውና። የላኩትን እያንዳንዱን ሲቪም ከማስታወቂያው ፎቶ ጋር በስልክዎ ያስቀምጡ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በታክሲ ውስጥ ሳሉ ተደውሎ «ያመለከቱት ለየትኛው መደብ ነበር?» ሲባሉ መልሱ በእጅዎ ይሆናል።