የእንግሊዝኛውን ‹ራን› ትርጉሞች ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

‹ራን› (run) የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ በተማሪ ደብተር ላይ «ሮጠ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ በታደሰው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን 645 ትርጉሞች ተቆጥረውለታል። ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው በሚከተሉት ቦታዎች ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ስህተት ለሁሉም የሚበቃ አንድ ፍቺ መፈለግ ነው። «በፍጥነት መንቀሳቀስ» የሚለው ለሯጭ በሚገባ፣ ለወንዝ ደግሞ በመጠኑ ይስማማል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ይሄዳል» ለማለት በዚሁ ግሥ ሲጠቀም ግን አንዳችም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የሚጓዘው መንገዱን የሚከተለው የተመልካች ዓይን ነው። እያንዳንዱ ትርጉም ከጎረቤቱ ጋር ይዛመዳል እንጂ ዳርና ዳር ያሉት የግድ የሚጋሩት ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው ስህተት ዛሬ ቶሎ የሚታወሰንን ትርጉም የሁሉ ቀዳሚ አድርጎ መውሰድ ነው። ብዙዎች በእግር መሮጥ መነሻው፣ የውሃ መፍሰስ ደግሞ ዘይቤው ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ግሡ በጥንታዊው እንግሊዝኛም ለሁለቱም ያገለግል ነበር። የጀርመንኛው ዘመዱ ‹ሪነን› እስከ ዛሬ በዋናነት ለፈሳሽ ይነገራል፤ ለሚሮጥ ሰው የሚነገረው ‹ሬነን› የተገኘው ከዚያው ሥር በወጣ አስደራጊ ግሥ (እንደ «አስሮጠ» ያለ፣ ሌላው እንዲያደርግ ማድረግን በሚገልጽ) ነው። ስለዚህ እንግሊዞች ንፍጥ ሲወርድ ወይም ጨርቅ ሲታጠብ ቀለሙ ሲለቅ ‹ራን› ማለታቸው የኋላ ፈጠራ ሳይሆን የቆየው ትርጉም ቀጣይ ነው።

ሦስተኛውና፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ የሚያሳስተው የተሳቢውን ሚና አለማየት ነው። አማርኛ «ሮጠ»ንና «አስሮጠ»ን በቅጥያ ሲለይ፣ እንግሊዝኛ ግሡን ሳይለውጥ ተሳቢ ብቻ ያስከትልለታል፤ በዚህ መንገድ ፈረስ የሚያስሮጥ ሰው፣ ማሽን የሚያሠራ ሰው፣ ሱቅ ወይም ድርጅት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉም በአንድ ግሥ ይገለጻሉ። ከፈረሱ ወደ ማሽኑ ሲታለፍ ፍጥነቱ ይቀራል፤ የሚተርፈው ሳይቋረጥ መሥራቱ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራምም ግሡን የወረሰው ከማሽኑ ነው። «ሥራውን ያስኬዳል» የምንል እኛም በሌላ ግሥ ተመሳሳዩን መንገድ ስለሄድን፣ «ድርጅት ማስሮጥ» እያሉ ቃል በቃል መተርጎም አያስፈልግም።

አራተኛው፣ ግሥ ሁልጊዜ እየሰፋ ይሄዳል ብሎ ማመን ነው። ‹ስታርቭ› በጥንት «ሞተ» ማለት ነበር፤ ዛሬ በዋናነት በረሃብ መሞትንና መራብን ያመለክታል። ትርጉም የሚያድግበት መንገድ በአገርም ይለያያል፦ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው በአሜሪካ ‹ራን› ሲባል በብሪታንያ የተለመደው «ቆመ» የሚለው ግሥ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ግሡን ከተጎዳኙ ቃል ነጥሎ መፍታት ነው። ‹ራን አውት› ሲባል የማለቅን ሐሳብ የሚያመጣው በአብዛኛው ‹አውት› («ወደ ውጭ») ነው። ስኳሩ ‹ራን አውት› ማለት ስኳሩ አለቀ ማለት ነው፤ «ስኳር አለቀብን» ለማለት ግን እንግሊዝኛው ሰዎቹን ባለቤት ያደርግና ግሡን ለእነርሱ ይሰጣል። አማርኛ በዚህ ቦታ ስኳሩን ባለቤት አድርጎ ያስቀርና ሰዎቹን «ብን» በሚለው ቅጥያ ይገልጻቸዋል፤ ተማሪው «ከስኳር ሮጠን ወጣን» ወደሚል ትርጉም የሚደርሰውም ይህን የባለቤት ለውጥ ሳያስተውል ሲቀር ነው።