ጠገራ ብርን በውኃ መመርመር

በባቲ የሰኞ ገበያ ጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን የብር ሳንቲም) የሚገዛ ሰው መልኩንና ድምፁን ብቻ ማመን የለበትም። በላዩ የተቀረጸው 1780 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ዓመትም ማስረጃ አይሆንም፤ ከዚያ ወዲህ የተመቱትም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘዋልና። ከዚህ ይልቅ የሚታመነው ውኃ ነው።

የግራምን መቶኛ የሚለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ብርጭቆና ቀጭን ክር ይዘጋጅ። ብሩ በመጀመሪያ ደረቁን ይመዘናል፤ ያልተበላ ከሆነ 28.07 ግራም ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከዚያም ብሩ በክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ወለልም ሆነ ግድግዳ ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ወለሉን ከነካ ክብደቱን ሚዛኑ ላይ ስለሚጥል ልኬቱ ከንቱ ነው።

ሚዛኑ አሁን 2.75 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምክንያቱም የውኃ ግፊት ከጥልቀት ጋር ስለሚጨምር የብሩ የታችኛው ገጽ ከላይኛው የበለጠ ይገፋል፤ ልዩነቱ ብሩን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ብሩም በአጸፋው ውኃውን በዚያው ልክ ወደ ታች ይጫናል። ይህ ኃይል ብሩ ቦታውን ከያዘበት ውኃ ክብደት ጋር እኩል ነው። ብሩ በጠርዙ ቢቆም የጥልቀቱ ልዩነት ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ግፊቱን የሚቀበለው ጠርዝ ግን ጠባብ ስለሆነ ንባቡ አይለወጥም። የደሴ አየር ከባቲው መሳሳቱም ለውጥ አያመጣም፤ የአየሩ ግፊት በውኃው በኩል ከላይም ከታችም እኩል ይደርሳልና።

28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፤ ይህም 83.3 በመቶ ብር፣ ቀሪው መዳብ የሆነ ቅይጥ እፍግታ (ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ) ነው። ያንኑ ያህል የሚመዝን የነሐስ ቅጂ ግን ንባቡን ወደ 3.3 ያደርሰዋል።

እኔ መጀመሪያ ስሞክር 2.95 አንብቤ ብሩን ሐሰተኛ አልሁት፤ ለካ በንግሥቲቱ ፀጉር ቅርጽ ውስጥ የአየር አረፋ ተጣብቆ ኖሯል። ብሩን በሳሙና አጥቦና አለቅልቆ ቀስ ብሎ መንከር ይህን ያስቀራል። ለአንገት ጌጥ ጆሮ የተበየደለት ብርም ከብየዳው የተነሣ ትንሽ ይዛነፋል።

እፍግታው ከ10.2 ብዙ የራቀ ብር ያለ ጥርጥር ይጣል። የተስማማው ግን ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ እርሳስ 11.34 ስለሆነ ከመዳብ ጋር በልክ ከተደባለቀ 10.2 ላይ ሊያርፍ ይችላል።