ፔንትሀውስ ወይስ ሃውስ? መጀመሪያ ሊዙን አንብቡ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። በዲቪ ከገባ ሦስት ወሩ ነው። ሚስቱና የ6 ዓመት ሴት ልጁ አብረውት አሉ። ፎቶው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ ሳሎን ይታያል። ከሕንፃው አናት ላይ መዋኛ ገንዳ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ፔንትሀውስ ይሻለኛል ወይስ የአጎቴ ጓደኛ የሚያከራየው ሃውስ?» አለኝ። ሊዙን፣ ማለትም የኪራይ ውሉን፣ አንብበኸዋል ወይ አልኩት። «ብዙ ገጽ ነው፤ ነገ ሄጄ እፈርማለሁ» አለ።

ደነገጥኩ። ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት ለስንት ሰው እንደመለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ሁሉም ፎቶ ያሳያል፤ ሊዝ ያነበበ አንድም ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የማውቀውም የዲሲን አካባቢ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ሕጉን ከየአካባቢያችሁ አጣሩ።

ፔንትሀውስ በሚለው ቃል እንጀምር። የመጨረሻው ፎቅ ማለት ነው፤ በቃ። አከራዩ ሊፍቱ ላይ «ፒኤች» ብሎ ስለጻፈበት ቤቱ ሌላ ዓይነት አይሆንም። ከሥሩ ካለው ፎቅ ጋር አንድ ዓይነት ኩሽና፣ አንድ ዓይነት መታጠቢያ ቤት ሊኖረው ይችላል። ዲሲ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከ1910 ጀምሮ የሕንፃ ከፍታን የሚገድብ ሕግ አለ። በአብዛኛው ቦታ ሕንፃ ከ130 ጫማ፣ ማለትም ከ40 ሜትር ገደማ አያልፍም። ስለዚህ ለከፍታው ብላችሁ ብዙ አትክፈሉ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ የመጨረሻው ፎቅ የሚረክሰው ሊፍት ስለሌለና ውኃ ስለማይደርስ ነው። እዚህ ሊፍቱም ውኃውም ስላለ ይወደዳል። የምታገኙት ትልቁ ጥቅም ከላያችሁ የሚረግጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሌሊት ሺፍት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። በሐምሌ ግን ፀሐይዋ ቀጥታ ጣሪያችሁ ላይ ናት፤ የኤሌክትሪክ ቢሉን እናንተ ትከፍላላችሁ። ጣሪያው ካፈሰሰም መጀመሪያ የሚርሰው የእናንተ ሶፋ ነው።

ሃውስ የሚባለውም አንድ ነገር አይደለም። አዲስ ገቢ «ሃውስ አገኘሁ» ሲለኝ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘው ቤዝመንት ነው። ሙሉ ሃውስ ሌላ ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የተሠራው ታውንሃውስ ሌላ ነው፣ ቤዝመንት፣ ማለትም ከሰው ቤት ሥር ያለው ምድር ቤት፣ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን እኔ ወደወደቅኩበት ጉድጓድ ልምጣ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያ ቤታችን የላይኛው ፎቅ ነበር። ሕንፃው አዲስ ነው። ማስታወቂያው በወር 2,100 ዶላር ይላል፤ ከሥሩም «ሁለት ወር ነጻ» የሚል አለ። ሁለት ወር በነጻ የሚያኖር አከራይ በሕይወቴ አይቼ ስለማላውቅ፣ እግዚአብሔር በር ከፈተልን ብለን ተደሰትን። ሊዙ ላይ የተጻፈው ኪራይ ግን 2,450 ነበር። ውሉ የ14 ወር ነው። የ12 ወሩ ኪራይ ለ14 ሲካፈል 2,100 ይመጣል። በየወሩ ሂሳቡ ላይ 2,450 ይጻፍና 350 ዶላር ቅናሽ ተብሎ ይነሳል። ስፈርም ይህን አይቼዋለሁ። የምከፍለው ያው 2,100 ነው ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ ጥቃቅኑ መጣ። ፓርኪንግ 125 ዶላር። ቆሻሻ ከበር የሚያነሳ ሰው 30 ዶላር፤ አልፈልግም፣ ራሴ እጥላለሁ ማለት አይቻልም። የሕንፃው የውኃና የፍሳሽ ሂሳብ ለተከራዮች ተከፋፍሎ የእኛ ድርሻ 75 ገደማ። መብራት ሳይገባ 2,330 ደረስን።

በዘጠነኛው ወር የሥራ ሰዓቴ ተቀነሰ። መክበዱን ስላየሁት ወደ ሊዝ ኦፊሱ ሄጄ ልወጣ ነው አልኩ። ልጅቷ በትሕትና ገጹን አውጥታ አሳየችኝ። የ60 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለብኝ። የሁለት ወር ኪራይ፣ ማለትም 4,900 ዶላር፣ መቀጫ እከፍላለሁ። በዚያ ላይ እስከዚያ ቀን የተቀነሰልኝን ቅናሽ በሙሉ እመልሳለሁ፤ ዘጠኝ ጊዜ 350፣ 3,150 ዶላር። ድምሩ 8,050 ነው፤ የ60 ቀኑ ኪራይ ገና አልተቆጠረም። ነጻ የተባሉት ወራት ነጻ የሚሆኑት ውሉን እስከ መጨረሻዋ ቀን ለጨረሰ ሰው ብቻ ነበር። ፊርማዬ ከሥሩ አለ።

አልወጣንም። መውጫ አልነበረንም። እኔ በቀኑ ሥራ ላይ የማታ የፓርኪንግ ሥራ ጨመርኩ፤ ባለቤቴ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ገባች። ልጄ ለአምስት ወር ከእኔ ጋር እራት የበላው እሑድ ማታ ብቻ ነው። ያን የመስታወት ሳሎን በቀን ብርሃን ያየሁበት ጊዜ በጣት ይቆጠራል።

ውሉ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው የማደሻ ደብዳቤ መጣ። አዲሱ ኪራይ 2,590። እንዴት በአንዴ 490 ዶላር ትጨምራላችሁ አልኩ። የጨመርነው 140 ነው አሉኝ። ልክ ናቸው፤ የሚነሱት ከ2,450 ነው። 2,100 የሚለው ቁጥር ሊዙ ላይ ኪራይ ተብሎ ተጽፎ አያውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ አለው፤ ቢበዛ 6 በመቶ። ነገር ግን ሕንፃው ከ23 ዓመት በታች ከሆነ ሕጉ አይነካውም። ቢነካው እንኳ የእኛ ጭማሪ በ2,450 ሲሰላ ከ6 በመቶ በታች ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ ለመፈረም ቸኮልኩ። ስለዚህ ማንኛውንም ሊዝ ከመፈረማችሁ በፊት ኦፊሱን በኢሜይል ሦስት ነገር ጠይቁ። በቃል የተነገራችሁን አትመኑ፤ የነገራችሁ ሰው በሚቀጥለው ወር እዚያ ላይኖር ይችላል። ሊዙ ላይ የሚጻፈው ኪራይ ስንት ነው? በየወሩ የማይቀር ክፍያ እያንዳንዱ ምንድን ነው፣ ስንትስ ነው? በሰባተኛው ወር መውጣት ብፈልግ በጠቅላላው ስንት ዶላር ከፍዬ እወጣለሁ? ሦስተኛውን በቁጥር ያልመለሰላችሁ ቦታ አትፈርሙ። ውሉ ሲያልቅም ዝም ብሎ መውጣት የለም፤ ብዙ ሊዝ አስቀድሞ ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ያኔ የማላውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። በሜሪላንድ ሕግ ተከራይ ከጊዜው በፊት ጥሎ ሲወጣ አከራዩ ቤቱን ለሌላ ሰው ለማከራየት ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት፤ ቁጭ ብሎ የቀረውን ወር ሁሉ መቁጠር አይችልም። ሞንትጎመሪ ውስጥ ላላችሁ 311 ደውላችሁ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ በሉ። ዲሲ ውስጥ የተከራይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት አለ። አስተርጓሚ ጠይቁ። ስልኩ ላይ መጠበቁ ያሰለቻል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ያዘዋውሯችኋል። ቢሆንም አትዝጉት።

ወደ ኑሮው ልምጣ። አፓርታማ ውስጥ ቡና ስትቆሉ ጭሱ በዛ ብላችሁ የኮሪደሩን በር እንዳትከፍቱ! ቤታችሁ ውስጥ ያለው አላርም ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው እናንተው ጋ ነው፤ መስኮት ከፍታችሁ ታረግቡታላችሁ። የኮሪደሩ ግን ከሕንፃው ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። እሱ ሲነሳ ሕንፃው በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እሳት አደጋም ይመጣል። በጥር ሌሊት ሕፃን አቅፎ ከሚያያችሁ ጎረቤት ፊት መቆም ከባድ ነው። መስኮት ወይም በረንዳ ክፈቱ። ከሰል ግን በረንዳ ላይም አይሆንም፣ የእሳት ደንቡ ይከለክላል። ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ይገድላል። የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ ነው፤ ዕጣንም ለማጨስ ቢሆን በኤሌክትሪክ ማጨሻ ተጠቀሙ። ከአገር ቤት የመጣ ባለ 220 ቮልት ምጣድ እዚህ ሶኬት ላይ አይግልም፤ ሻንጣችሁን አታክብዱበት።

እንግዳም አስቡ። ዘመን መለወጫ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ፤ የእኛ ቤት ሰው ይገባበታል። አፓርታማ ላይ የእንግዳ ፓርኪንግ በፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ያልለጠፈች መኪና ተጎትታ ልትሄድ ትችላለች። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች እናት መኪናዋን ፍለጋ ስትንከራተት አይቻለሁ። በዚህ ሃውስ ይበልጣል፤ አልከራከርም። የራስ በር፣ ልጅ የሚሮጥበት ሣር፣ ከሥራችሁ የሚያንኳኳ ጎረቤት አለመኖሩ። አሁን የምንኖረው በታውንሃውስ ነው፤ ሰላም አለን።

ሃውስ ግን ሥራ ነው። በረዶ ከቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ መንገድ መጠረግ አለበት። ሣሩ ከ12 ኢንች ካለፈ ካውንቲው ማስጠንቀቂያ ይልካል። ማን ያጭዳል፣ ማን ይጠርጋል የሚለው ሊዙ ላይ ይጻፍ። የጋዝ፣ የመብራትና የውኃ ቢል በስማችሁ ይመጣል፤ የጥርና የየካቲት ማሞቂያ አዲስ ገቢን ያስደነግጣል። ከሁሉ በላይ መኪና። ከሜትሮ ባቡር ራቅ ያለ ሃውስ ርካሽ ይመስላል፤ የመኪናውን ኢንሹራንስ ስትጨምሩበት ግን ይሰወራል ያ ርካሽነት። ባልና ሚስት በተለያየ ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ አንድ መኪናም አይበቃም።

ቤዝመንት ብዙውን ጊዜ ከዘመድ ወይም ከወገን የሚገኝ ስለሆነ ክሬዲት፣ ማለትም ዕዳን በሰዓቱ የመክፈል ታሪክ፣ አይጠየቅም። ለብዙዎቻችን መጠለያ ሆኗል፤ ውለታውን አልረሳም። ነገር ግን «እኛ እኛ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ልጅ ትምህርት ቤት ስታስገቡ የነዋሪነት ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ አድራሻችሁ በወረቀት ይታያል። አንድ ገጽም ቢሆን የተፈረመ ውል፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ። መኝታ ክፍሉ ሰው የሚያስወጣ መስኮት ካለው አረጋግጡ። እሳት ቢነሳ ደረጃው ብቻ መውጫ የሆነበት ቤዝመንት ውስጥ ልጅ አታስተኙ፤ ዘመድ ቢቀየምም ይቀየም። ኪራይ ማከራያ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ካውንቲው ያስገድዳል። መብራት ሲቆርጥ የሚመለስበት የብሬከር ሳጥን የት እንዳለም እዩ፤ ምጣድና ማሞቂያ አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ይቆርጣል፤ ሳጥኑ ፎቅ ላይ ተቆልፎ ከሆነ እስከ ማታ በጨለማ ትቀመጣላችሁ።

ስለ ዲፖዚት፣ ስትገቡ ስለምታስይዙት ገንዘብ፣ አጭር ላድርገው። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 1፣ 2024 ጀምሮ በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መቀበል አይቻልም። ስትወጡም በ45 ቀን ውስጥ ከነተቀናሹ ዝርዝር መመለስ አለበት። በገባችሁበት ቀን እያንዳንዱን ግድግዳ በቪዲዮ ቅረጹ። ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ለማንም ዶላር አትላኩ። ዘመድ ኮሳይን ያድርግልን፣ ማለትም ዋስ ሆኖ አብሮ ይፈርምልን የምትሉም፣ እናንተ ባትከፍሉ ዕዳው ሙሉ በሙሉ የእሱ መሆኑን ንገሩት። ሳይነገረው ፈርሞ ክሬዲቱ የተበላሸ ወንድም አውቃለሁ፤ ዛሬ አይነጋገሩም።

እኔን የምትጠይቁኝ ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ፔንትሀውስም ሙሉ ሃውስም አልመክርም። አሮጌ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ፣ አውቶቡስ አጠገቡ፣ ውኃና ማሞቂያ ኪራዩ ውስጥ የተካተተበት። ሊዙ በራሳችሁ ስም። አሮጌ ሕንፃ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፤ አንዳንዱ ማሞቂያና ማቀዝቀዣውን በወቅት ነው የሚቀይረው፤ በሚያዝያ ቢሞቅ ማቀዝቀዣ ላይኖር ይችላል። ያ ይቻላል። ዓመቱን በሰዓቱ ከከፈላችሁ ለሚቀጥለው አከራይ የምታሳዩት ጥሩ የኪራይ ታሪክ ይኖራችኋል፤ የሚቀጥለውን ቤት በእርጋታ ትመርጣላችሁ።

ያ ወጣት ሰኞ አልፈረመም። ሦስቱን ጥያቄዎች በኢሜይል ላከ። ለሁለቱ በዚያው ቀን መልስ መጣ፤ ስለመውጫው የጠየቀው እስከዛሬ አልተመለሰለትም። ሐሙስ ከሥራ በኋላ አብረን አንድ ሦስተኛ ፎቅ ልናይ ነው። የደመወዝ ወረቀቱን እንዲይዝ ነግሬዋለሁ።