ጀማሪ ፍሪላንሰሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የአሠራር ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ከፖሊ ወይም ከፔዳ ወጥቶ ቢሮ ከመፈለግ ይልቅ ላፕቶፑን ከፍቶ ለውጭ ደንበኛ በፍሪላንስ፣ ማለትም ሳይቀጠር በየሥራው እየተከፈለው፣ ልሥራ የሚል ወጣት ብርቅ አይደለም። አንዱ ሎጎ ይሠራል፣ አንዷ ትተረጉማለች፣ ሌላው ኮድ ይጽፋል። ሙያው ሳያንሳቸው ብዙዎቹን የሚያደክማቸው ግን ለራሳቸውም ለቤታቸውም የማይስማማ የሥራ ልማድ ነው።

የሌላ ሰው ሰዓት መዋስ

ዩቲዩብ ላይ አንዱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሡ ይላል፤ ሌላው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ቀን ይተኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅም። በተለይ «ደንበኛዬ አሜሪካ ስላለ ሌሊት መሥራት አለብኝ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጀማሪ ያሳምናል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩት እላለሁ።

ኒውዮርክ ላይ ከጠዋቱ 9፡00 ሲሆን (በፈረንጅ አቆጣጠር) እኛ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱባቸው የብርድ ወራት ደግሞ 11 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለውን ለመልእክትና ለቪዲዮ ስብሰባ ብትተዉ ይበቃል፤ ዋናውን ሥራ ጠዋት መጨረስ ይቻላል። የካሊፎርኒያ ደንበኛ ይከብዳል፤ የእሱ 9፡00 በእኛ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ለንደን ግን ረፋድ 5 ወይም ቀን 6 ሰዓት ላይ ሥራ ስለሚገባ ማምሸት ለማይችል ሰው እንደሱ ያለ የለም። የደንበኛው አገር የሥራ ሰዓታችሁን ይወስናል፤ ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትቀበሉ።

ዋናውን ሥራ ጠዋት ለመጨረስ ሌላም ምክንያት አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከተማው ይሞቃል፤ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ከባድ ሥራ መግፋት ራስን መቅጣት ነው።

ሰዓቱን በደፈናው መቀበል

«ዓርብ 6፡00» ሲባል የማን 6፡00? የከተማውን ስም ጨምራችሁ ጻፉ። አሜሪካ በመጋቢት መግቢያ፣ አውሮፓ ደግሞ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፤ በጥቅምት አጋማሽና ማብቂያ መካከልም መልሰው ያዞሩታል። እኛ አንነካውም። በእነዚያ ሳምንታት ስብሰባ የሚያመልጠው ብዙ ነው።

ለቤተሰብ ሳይናገሩ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ቤት የዋለ ሰው ሥራ የለውም ተብሎ ይታሰባል። ከሰል ሲያልቅ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ባጃጅ ይዞ ዕቃ የሚያመጣ ሲታጣ የሚጠራው እሱ ነው። ሴት ከሆነች ይብስባታል፤ ላፕቶፗን እንደከፈተች ማዕድ ቤቱም ይጠብቃታል።

በር ዘግቶ መኮረፍ አያዋጣም። ሰዓቱን ቆርጦ መናገር ይሻላል፦ «እማዬ፣ ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ገበያም ላኪኝ፣ እሄዳለሁ።» ከዚያ ቃልን መጠበቅ ነው፤ በዚያ ሰዓትም ስክሪን ላይ ካፈጠጣችሁ ማንም አያምናችሁም። ቡናውን አትሽሹት። 9 ሰዓት ላይ የሚፈላ ከሆነ ዕረፍታችሁን እዚያ ላይ አድርጉት። ለነገሩ ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ ለቤት ወጪ ጥቂት ማውጣት ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

ለቅሶ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ መቅረትም ነውር ነው። ስለዚህ ማስረከቢያው ዓርብ ከሆነ ለራሳችሁ ረቡዕ በሉት። የገናንና የጥምቀትን ቀን ደንበኛው በራሱ አያውቅም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሩት።

ካፌን በእይታው መምረጥ

ጣና ዳር ቁጭ ብሎ መሥራት ለፎቶ ያምራል። ስክሪኑ ላይ ፀሐይ ያርፍበታል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ በየሰዓቱ የሚታዘዘው ማኪያቶም ተደምሮ የቀን ገቢ ይነካል። የደንበኛውን መመሪያ ለማንበብና ለማሰብ ሂዱ፤ ለቪዲዮ ስብሰባ ግን አትመኑት።

ኔትወርክና መብራት ይኖራል ብሎ ማቀድ

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ እንዲህ ላለው መፍትሔ በግለሰብ እጅ የለም። የዕለት ተዕለቱ መቆራረጥ ግን አሠራራችሁን ሊቀርጸው ይገባል። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም መያዝ፣ ላፕቶፑን መብራት እያለ መሙላት፣ የሚነበበውን ሁሉ ቀድሞ ማውረድ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ከዚህ የሚበልጠው የሥራ ምርጫው ነው። በየደቂቃው መልስ የሚጠይቅ የደንበኛ አገልግሎት ሥራ እዚህ ላለ ጀማሪ ይከብዳል። ሦስት ቀን ሠርተው በአንድ ጊዜ የሚልኩት ትርጉም ወይም ንድፍ መቆራረጡን ይችላል።

ክፍያውም እንዲሁ ነው። ቀኑ ለተበጣጠሰበት ሰው በሰዓት ከመዋዋል ይልቅ ለጠቅላላ ሥራው ቁርጥ ዋጋ መነጋገር ይቀለዋል።

በየሳምንቱ አሠራር መቀየር

አንድ ወር በያዛችሁት ልማድ ቆዩ። የትኛው ሰዓት ላይ በእርግጥ እንደሠራችሁ፣ የትኛው ላይ ደግሞ ቴሌግራም ስታዩ እንደዋላችሁ በየቀኑ ደብተር ላይ አስፍሩ። ወሩ ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፦ ወይ ሰዓቱን፣ ወይ ቦታውን፣ ወይ የምትፈልጉትን ደንበኛ አገር። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከነካካችሁ የትኛው እንደጠቀማችሁ አታውቁትም።