በስፔን የወይን ለቀማ ወቅት የምግብና የወይን ጠጅ ጉብኝት እንዴት ይዘጋጃል?

ስፔን በወይን ተክል በተሸፈነ የመሬት ስፋት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ይህ ስፋት ግን ጎብኚን ያሳስታል። በአሥር ቀን ውስጥ ከሰሜን ምዕራቧ ጋሊሲያ ተነሥቶ በሪዮሃና በፕሪዮራት በኩል እስከ ደቡቧ ሄሬስ የሚያዳርስ ጉዞ የሚሸጡ አስጎብኚ ድርጅቶች አሉ፤ እንዲህ ያለውን ጉዞ የገዛ ሰው ግማሹን ጊዜ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ያሳልፈዋል። እኔ የምመክረው ሁለት አጎራባች የወይን አካባቢዎችን ብቻ መርጦ በእያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ሌሊት መሰንበትን ነው። ከማድሪድ በስተሰሜን በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙት ሪቤራ ዴል ዱዌሮና ሪዮሃ ለዚህ የተመቹ ስለሆኑ፣ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ የተዘጋጀው እነዚህን ሁለቱን በመከተል ነው።

አንደኛ፦ ጊዜውን መወሰን

የለቀማው ቀን እንደ አየሩ ጠባይ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በሪዮሃ ሞቃታማ በሆነው ምሥራቃዊ ክፍል በሴፕቴምበር ይጀመርና ቀዝቃዛና ከፍ ባሉት ምዕራባዊ ቦታዎች እስከ ኦክቶበር መገባደጃ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም አካባቢዎች ለቀማውን የማየት ዕድሉ ሰፊ የሚሆነው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስቀል ሰሞን አንሥቶ እስከ ጥቅምት የመጀመሪያ ቀናት ባለው ጊዜ ነው። ሄሬስ ግን ለቀማውን በኦገስት ስለሚጀምር፣ ለዚህ ወቅት ጉዞ አይመረጥም።

የሪዮሃ ዋና ከተማ ሎግሮኞ የለቀማ በዓሏን የምታከብረው ሴፕቴምበር 21 ቀን በሚውለው የቅዱስ ማቴዎስ በዓል ሰሞን ነው። በኤስፖሎን አደባባይ የአካባቢውን ባህላዊ ልብስ የለበሱ ሰዎች በእንጨት ገንዳ ውስጥ ገብተው ወይኑን በእግራቸው ይረግጣሉ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ጭማቂም ለቫልቫኔራ እመቤታችን ይቀርባል። ይህን ለማየት የፈለገ ሰው የሆቴል ክፍሉን ከብዙ ወራት በፊት መያዝ ይኖርበታል፤ በዚያ ሳምንት በከተማው አልጋ ማግኘት እጅግ ያስቸግራልና። ግርግሩን የማይወድ ሰው ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ይሻለዋል። ለቀማው ካለፈ በኋላ፣ በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ፣ የወይኑ ቅጠል ቢጫና ቀይ እየሆነ ኮረብታውን ሁሉ ይለውጠዋል፤ የወይን ጠጅ መጥመቂያዎቹም ሥራቸው ስለሚቀልላቸው እንግዳን ረጋ ብለው ያስተናግዳሉ። በለቀማው መካከል ግን ጉብኝት የሚቀንሱ ወይም ለጊዜው የሚያቆሙ መጥመቂያዎች ስላሉ፣ እያንዳንዱን ቀጠሮ አስቀድሞ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፦ ቪዛና መጓጓዣ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ቀን በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ የሚቀርብ ሲሆን፣ ቢዘገይ ከ15 ቀን በታች ሊቀረው አይገባም፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል። የቀጠሮ ወረፋ ስለሚኖር በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመር ይበጃል። የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ወገኖቻችን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም። መነሻው ማድሪድ፣ መመለሻው ቢልባዎ ቢሆን መንገዱ ወደ ኋላ መመለስን አይጠይቅም፤ ቢልባዎ ከሎግሮኞ በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው።

ሦስተኛ፦ አስጎብኚውን መምረጥ

የጉዞው መልካምነት ከሆቴሉ ይልቅ በአስጎብኚው ይወሰናል። ከመክፈልዎ በፊት ድርጅቱን በጽሑፍ የሚጠይቋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ቡድኑ ስንት ሰው ነው? አስጎብኚው የሚኖረው እዚያው አካባቢ ነው ወይስ ከማድሪድ አብሮ የሚመጣ ነው? በቀን ስንት መጥመቂያ ይጎበኛል? ቅምሻውና ምሳው በዋጋው ውስጥ ተካትቷል? በዕቅዱ የተጠቀሰው መጥመቂያ ቢሰረዝ ምን ይተካለታል? ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ የያዘ ቡድን በጠባብ ምድር ቤት ውስጥ የኋለኛው ሰው የሚነገረውን አይሰማም። በቀን ከሁለት በላይ መጥመቂያ የሚያስጎበኝ ዕቅድም መወገድ አለበት፤ በሦስተኛው ላይ ምላስ ደክሞ፣ ማብራሪያውም ተደጋግሞ፣ የሚቀር ነገር የለም።

ጉዞውን የሚገዙት በአውሮፓ ኅብረት ከተቋቋመ ድርጅት ከሆነና ማረፊያንና መጓጓዣን የመሳሰሉ አገልግሎቶች በአንድ ላይ ከተሸጡልዎት፣ የኅብረቱ የጥቅል ጉዞ ሕግ ይጠብቅዎታል። ድርጅቱ ቢከስር ገንዘብዎ የሚመለስበት ዋስትና እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል፤ ከውሉ በኋላ ዋጋውን ከ8 በመቶ በላይ ቢጨምርም ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላሉ።

መኪና ተከራይተው በራስዎ ለመሄድ የሚያስቡ ከሆነም፣ ቅምሻ ባለበት ቀን ሾፌር ይቅጠሩ። ቀማሽ መሪ አይጨብጥም።

አራተኛ፦ መንገዱን ማስያዝ

ከማድሪድ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አራንዳ ዴ ዱዌሮ ይደርሳሉ። የከተማዋ ሀብት ከመሬት በታች ነው፤ በመካከለኛው ዘመን መቆፈር የጀመሩት የወይን ጠጅ ዋሻዎች በመንገዶቿና በቤቶቿ ሥር ተያይዘው ይገኛሉ፤ በጋም ሆነ ክረምት ሙቀታቸው ብዙም አይለዋወጥምና ወይን ጠጁ ሳይበላሽ ይቆይባቸው ነበር። ከዚያ በስተምዕራብ ያለችው ፔኛፊየል ርዝመቱ ከ200 ሜትር በላይ የሆነ ጠባብ ግንብ በኮረብታ አናት ላይ አላት፤ የቫያዶሊድ አውራጃ የወይን ጠጅ ሙዚየም የሚገኘው በዚሁ ግንብ ውስጥ ነው። የሪቤራ ዴል ዱዌሮ እርሻዎች በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ700 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ፍሬው በቀን ስኳሩን እያበሰለ በሌሊት ኮምጣጣነቱን ጠብቆ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጎብኚም ወፈር ያለ ሹራብ ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው እንዲሁ።

ከአራንዳ በቡርጎስ በኩል ወደ ሪዮሃ ይዘለቃል። በቡርጎስ የሚደረገው እረፍት ካቴድራሉን ለማየት በቂ እንዲሆን ያስይዙ። በሪዮሃ ሎግሮኞን ማደሪያ አድርጎ አንዱን ቀን ለአሮ፣ ሌላውን ለላግዋርዲያና ለኤልሲዬጎ መስጠት ተመራጭ ነው። ላግዋርዲያ በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ከቤቶቹ ሥር የተቆፈሩት ዋሻዎች እንዳይጎዱ መኪና ወደ ውስጥ አይገባባትም፤ ሻንጣ ይዞ እዚያ የሚያድር ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። በኤልሲዬጎ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያው የፍራንክ ጌሪ ሥራ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የማርኬስ ዴ ሪስካል ሆቴል ከውጭ ቢታይም ይበቃል።

አሮ ግን ሙሉ ቀን ይገባታል። የባቡር መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በከተማዋ በኩል ወደ ቢልባዎ ወደብ ካለፈ በኋላ፣ የፈረንሳይን ወይን ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ሲያጠፋው፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ጠጅ ፍለጋ ወደዚህ መጡ፤ መጥመቂያዎቹም ምርቱን በቶሎ ለመጫን በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ተሠሩ። ሎፔስ ዴ ኤሬዲያ እ.ኤ.አ. በ1877፣ ኩኔ በ1879፣ ላ ሪዮሃ አልታ በ1890 የተቋቋሙ ሲሆን፣ ዛሬም ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል። ሁለት መምረጥ ካለብዎ ሎፔስ ዴ ኤሬዲያንና ሙጋን ይምረጡ። በመጀመሪያው ምድር ቤት የሸረሪት ድር እንዳይጠረግ ተደርጎ ተትቷል፤ ሸረሪቶቹ የጠርሙሱን ቡሽ የሚበሳውን ብል ይበሉታልና። በሙጋ ደግሞ መጥመቂያው የራሱ በርሜል ሠሪዎች አሉት፤ ሠራተኞቹ የኦክ እንጨቱን በብረት ቀለበት አስረው፣ መካከሉ ላይ እሳት አንድደው፣ እንጨቱ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ያጎብጡታል። በአንድ በርሜል የሚያዘው 225 ሊትር ወይን ጠጅ የሚያገኘው የጭስና የቫኒላ መዓዛ ከየት እንደሚመጣ እዚያ ቆሞ ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

በለቀማው ጊዜ ከደረሱ አስጎብኚው ወይኑ ወደሚራገፍበት በር እንዲወስድዎ ይጠይቁ። ተጎታች የጫኑ ትራክተሮች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ከላይ የሚወርድ ረጅም ቱቦ ከጭነቱ መካከል ናሙና ይመጥጣል፤ የስኳሩ መጠንም ወዲያው ይለካል። የገበሬው የዓመት ድካም የሚመዘነው በዚያች ቅጽበት ነው።

አምስተኛ፦ ማዕዱን አስቀድሞ ማሰብ

በስፔን ምሳ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እራት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ በባዶ ሆድ ቅምሻ እንዳይጀመር ቁርስ ጠንከር ያለ ይሁን። እሑድ ማታና ሰኞ ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ።

በሪቤራ ዴል ዱዌሮ የማይታለፈው ምግብ ሌቻሶ ነው። ይህ ከእናቱ ወተት በቀር ምንም ያልቀመሰ ግልገል በሸክላ ሳህን ላይ ተደርጎ፣ ውኃና ጨው ብቻ ይዞ፣ በእንጨት በሚነድ ምድጃ ለሰዓታት የሚጠበስበት ነው። ቆዳው እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ሥጋው ያለ ቢላ ይለያያል። ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድሞ ይታዘዛል፤ የሚቀርበውም በሩብ በግ ስለሆነ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው። በሪዮሃ ደግሞ ትናንሽ የበግ ጎድኖች በቅዝቃዜው ወራት ተክሉ ሲገረዝ በተረፉ የደረቁ የወይን ሐረጎች ፍም ላይ ይጠበሳሉ። መኸሩ የበርበሬም ወቅት ነው፤ በአጎራባቿ ናቫራ የሚበቅለው ፒኪዮ የተባለው ትንሽ ቀይ በርበሬ በእሳት ተለብልቦ፣ ውኃ ሳይነካው በእጅ ይላጣል፤ ጣዕሙ ጣፋጭ እንጂ የሚያቃጥል አይደለም።

በሎግሮኞ አንዱን ምሽት ለላውሬል ጎዳና ይተዉት። እያንዳንዱ ጠባብ ቤት በአንድ ምግብ ይታወቃል፤ አንድ ጉርሻ ከአንድ ብርጭቆ ጋር በልቶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ የአገሩ ወግ ነው። ሦስት የተጠበሰ እንጉዳይ ተደራርቦ፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት እየተንጠባጠበ፣ ከላይ ትንሽ ሽሪምፕ ተሰክቶበት በቁራሽ ዳቦ ላይ የሚቀርብበት ቤት ዘንድ ሰልፉ ምንጊዜም አይጠፋም፤ ሽሪምፕ የማይበላ ሰው ያለ እርሱ ማዘዝ ይችላል።

ለአንባቢዎቻችን በብርቱ ላሳስብ የምወደው የአሳማ ነገር ነው። በስፔን የአሳማ ሥጋ በግልጽ በሚታይበት ብቻ ሳይሆን፣ በባቄላ ወጥ፣ በድንች ወጥ፣ አንዳንዴም በአትክልት ውስጥ ይገባል፤ በቡርጎስ የሚታወቀው ሞርሲያ የተባለው ቋሊማ የሚሠራውም ከአሳማ ደምና ከሩዝ ነው። «ሥጋ የሌለበት» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ ሃሞን የተባለው የደረቀ የአሳማ ጭን የተከተፈበት ሰላጣ ሊመጣልዎ ይችላል። «ኖ ኮሞ ሴርዶ፣ ኒ ሃሞን፣ ኒ ማንቴካ» ይበሉ፤ አሳማም፣ ሃሞንም፣ የአሳማ ስብም አልበላም ማለት ነው። አስጎብኚውም ይህን ለየምግብ ቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ። ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም ሰው የበጉን ምሳ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ላይ እንዲያደርግለት በዕቅዱ ጊዜ ይናገር፤ ለጾሙ ቀን እንጉዳዩ፣ በርበሬው፣ ቲማቲም የተቀባው ዳቦና የወይራ ዘይቱ ሞልተዋል። እንደ ሙጋ ያሉ መጥመቂያዎች ወይን ጠጁን በዕንቁላል ነጭ እንደሚያጠሩም ጥብቅ ጿሚ ቢያውቀው መልካም ነው።

ስድስተኛ፦ ቅምሻውና ግዢው

የሪዮሃን ጠርሙስ ለማወቅ ከጀርባው ያለውን ማኅተም ማየት ይበቃል። አረንጓዴው ማኅተም ባብዛኛው ወጣቱን ወይን ጠጅ ያመለክታል፤ ቀዩ ክሪያንሳ ነው፣ ቢያንስ አንዱን ዓመት በበርሜል ያሳለፈ የሁለት ዓመት ቀይ ወይን ጠጅ፤ ወደ ጥቁርነት የሚያደላው ቀይ ማኅተም ሬሰርቫ ነው፣ የሦስት ዓመት፤ ሰማያዊው ግራን ሬሰርቫ፣ አምስት ዓመት የቆየው ነው። ሲቀምሱ ከነጩ ወደ ቀዩ፣ ከወጣቱ ወደ ቆየው ይሂዱ፤ በቅድሚያ ያሽቱ፣ ጥቂት በአፍ አዙረው በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ ይትፉ። መትፋት በቅምሻ ቤት ነውር የለበትም፤ ሳይተፉ የሚውሉ ሰዎች ከቀትር በኋላ የቀመሱትን አይለዩትም።

የሚገዙትን ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ ይዘው በአየር ማረፊያው ፍተሻ ማለፍ ስለማይችሉ፣ በልብስ ተጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ መካከል ይቀመጥ። ወደ አሜሪካ የሚመለስ አዋቂ ሰው ያለ ቀረጥ የሚፈቀድለት በአጠቃላይ አንድ ሊትር የአልኮል መጠጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ያስመዘግባል። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኩዌት የሚመለሱ ወገኖች ግን የአልኮል መጠጥ ይዞ መግባት በሁለቱም አገሮች በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ በጠርሙሱ ፈንታ የታሸገውን የፒኪዮ በርበሬና የወይራ ዘይት ይግዙ።