መኪና ይዛችሁ በኬብል ፌሪ ወንዝ ስትሻገሩ

ላላያችሁት፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት ገመድ አለ፣ አንዲት ጠፍጣፋ ጀልባ እሱን ይዛ ስትመላለስ ትውላለች፣ ጥቂት መኪና ነው የምትይዘው በቃ። አንዳንዷ በሞተር ገመዱን እየሳበች ነው የምትሄደው። አንዳንዷ ደግሞ ሞተሩም አያስፈልጋትም፣ ፍሰቱ ላይ ሰያፍ አድርገው ያቆሟታል፣ ውሃው ጎኗን ይገፋል፣ ገመዱ ወደታች እንዳትሄድ ይይዛታል፣ ያላት ምርጫ ወደ ማዶ መሄድ ብቻ ነው። ካናዳ ውስጥ ፍሬዘር ወንዝ ላይ ያለችው የሊተን ፌሪ እንደዛ ናት፣ በአንዴ 2 መኪና ብቻ ነው የምትጭነው።

ሰው የሚፈራው መሃል ወንዙን ነው። መሃሉ ምንም አይደለም፣ ጣጣው ያለው ስትገቡና ስትወጡ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት እየሰራች መሆኑን ጠይቁ። ውሃ ሲሞላ ወይ ወንዙ ግንድ ይዞ ሲመጣ ትቆማለች፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ግን ልክ እንደ መንገድ ቆጥሮ ይነዳችኋል፣ ከዛ ዞሮ ለመመለስ ስንት ኪሎሜትር። ክፍያውም እንደየቦታው ነው፣ አውስትራሊያ ዋይዝማንስ ፌሪ ላይ ለምሳሌ 24 ሰዓት በነጻ ነው የሚያሻግሩት፣ ሌላ ቦታ ጀልባው ላይ ይሰበስባሉ፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ያዙ። የክብደት ልኩ ታፔላ ላይ ተጽፏል፣ እዛ ላይ የሚቆጠረው መኪናው ባዶውን ሳይሆን ከነጭነቱ ነው፣ ተሳቢ ካላችሁ ቀድማችሁ ለሰራተኛው ንገሩት።

ወረፋ ላይ መስመሩ ጋ ቁሙ፣ አትጠጉ፣ የሚወርዱት መውጫ ይፈልጋሉ። ማታ ከሆነ ረጅም መብራት አጥፉ፣ ሰውየው እናንተን ሊመራ ቆሞ አይኑን ስታጠፉት ማንን ሊያይ ነው። ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ይግባ ካሉ ይውረድ።

አሁን ዋናው። መሬቱና የብረቱ መወጣጫ የሚገናኙበት ቦታ ላይ እጥፋት አለ፣ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ቁልቁለቱ ይብሳል። ዝቅ ያለ መኪና ከሆነ ሰውየውን አስፈቅዳችሁ ትንሽ ሰያፍ ይዛችሁ ግቡ፣ ጎማዎቹ ተራ በተራ ይውጡ። እኔ አንዴ ቸኩዬ ቀጥ ብዬ ገባሁና ማርሚታዬ ብረቱን ሲፍቀው ወረፋ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ በትንሹና እኩል፣ እጥፋቱ ላይ አትቁሙ፣ ብረቱ እርጥብ ስለሆነ ድንገት ፍሬን አትርገጡ። መስኮት ክፈቱ ቀበቶም ፍቱ፣ ለክፉም ለደጉም።

ውስጥ ከገባችሁ የሰራተኛው እጅ ነው ህጉ። ቦታ አለ ብላችሁ አስር ሳንቲሜትር አትጨምሩ፣ እሱ የሚያስበው የጀልባዋን ሚዛን ነው፣ ከባዱን መሃል ቀላሉን ዳር የሚያደርገው ለዛ ነው። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ሞተር አጥፉ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉት፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ። ታኮ ከሰጣችሁ ጎማው ስር አድርጉ። ከወረዳችሁ ደግሞ አላርሙን አትክፈቱት፣ ዘመናዊዎቹ ትንሽ ዘንበል ሲሉ የተሰረቁ ይመስላቸዋል፣ ከዚህ ዳር እስከዛ ዳር ሲጮህ የነበረ መኪና አይቻለሁ ባለቤቱ ቁልፉን ሲፈልግ።

ልጅ ካለ እጁን ይዛችሁ ቁሙ። ገመዱ የሚያልፍበት ጎማ መሰል ነገር ጋ ማንም እጁን እንዳያስገባ፣ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የማይጎዳ ይመስላል፣ ግን የጀልባዋን ሙሉ ጉልበት ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ማዶ ስትደርሱ መወጣጫው መሬት ነክቶ ሰውየው እስኪጠራችሁ ሞተር አታስነሱ። የፊተኛው መኪና ዳገቱን ጨርሶ ሳይወጣ አትከተሉት፣ ወደኋላ ከተንሸራተተ ፓራውልታችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። ወጥታችሁ ፍሬኑን አንድ ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ከዛ መንገዱን ልቀቁ፣ ፎቶውን ዳር ይዛችሁ ታነሱታላችሁ።