የፖሊሽ ስፖንጅ ቶሎ አይጣል

ባሕር ዳር ውስጥ መኪና ፖሊሽ የምታደርጉ፣ ስፖንጁን አንዴ ተጠቅማችሁ አትጣሉት። ዋናው ነገር ፖሊሹ ሳይደርቅበት ማጠብ ነው። ለብ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጉና በጣታችሁ እሹት። የደረቀ ነገር ካለው ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አለቅልቁት። እንደ ጨርቅ አትጠምዝዙት፣ ይቀደዳል፤ በመዳፍ ጨመቅ ጨመቅ ነው። የፈላ ውሃ አይሆንም፤ ማሽኑ ላይ የሚለጠፈውን ጀርባ ሙጫ ያላቅቀዋል። በረኪናም ይቅር። እባካችሁ ደግሞ ጣና ዳር ወርዳችሁ አትጠቡ፣ እጣቢው ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው።

ፀሐያችን ቶሎ ያደርቃል ተብሎ ቆርቆሮ ላይ አይሰጣም። ነፋስ ያለበት ጥላ ይሻላል። ሲደርቅ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ክተቱት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባችበት ቀለሙን ትጭረዋለች። ጭረት የማጥፊያው ሻካራ ቅባት (ኮምፓውንድ) እና የማጨረሻው ፖሊሽ ስፖንጅ ግን ታጥቦም ቢሆን አይቀላቀልም።